አንድ ጀሪካን ውሃ በአምባሰል ገደል ውስጥ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሆኖ ወደ አምባሰል ሽቅብ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የማይነቃነቅ በሚመስል ነገር ላይ ነው። ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ ግንባሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዚሁ ወረዳ የምትገኘው የግሸን አምባ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ ልዑላን ተዘግተው የሚጠበቁባት ቦታ የሆነችው ነገሥታቱ ገደሉን ከግንብ አብልጠው ስላመኑት ነው። ሆኖም ያ ቀጥ ያለ ገደል ስለ ጥንካሬ የሚመሰክረውን ያህል ስለ መፍረስም ይመሰክራል። የገደል ግንባር ቀጥ ብሎ የሚኖረው ከዘመን ወደ ዘመን ፊቱ እየተሰነጠቀ ስለሚወድቅ ነው፤ ባይወድቅ ኖሮ ዝናብና ንፋስ ቀስ በቀስ ሸርሽረው ወደ ለዘብተኛ ቁልቁለት በለወጡት ነበር። ከሥሩ የተከመረው ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ በታች ጉብታና ጎድጓዳ የበዛበት እርሻ፣ ድንጋይ የተቀላቀለበት ወፍራም አፈር፣ አብዛኛው አንድ ወቅት የገደሉ አካል ነበር። አምባው ራሱ ከብዙ ሺህ ናዳዎች የተረፈ ቅሪት ነው ማለት ይቻላል።

ናዳ ለምን ይወርዳል ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ ዝናቡ አፈሩን አርሶ ያከብደዋል፣ ያላላዋልም የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘላል። የእነዚህ ገደሎች ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ውሃ ስለነካው አይሟሟም፣ በአንድ ክረምትም ጭቃ አይሆንም። እዚህ ላይ ማስረዳት የምፈልገው ድንጋይን ከድንጋይ የሚያላቅቀው በዋናነት መውጫ ያጣ ውሃ በስንጥቅ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት መሆኑን ነው። ይህን ከተቀበልን ደግሞ በተራራ ሥር የሚኖረውን ሕዝብ ለመጠበቅ የምንሠራቸውን ሥራዎች ቅደም ተከተል መለወጥ ይኖርብናል። ግንቡም፣ ዛፉም፣ እርከኑም ከውሃ መውጫው በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ እንመልከት። የወሎ ተራሮች የተገነቡበት ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ ከመሬት ስንጥቆች እየፈሰሰ የተነጠፈ የቀለጠ ድንጋይ ነው። በአንድ ጊዜ አልተነጠፈም። አንዱ ንጣፍ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ረጅም ጊዜ ያልፍ ስለነበር በመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዷል፣ አፈር ተፈጥሯል። ከዚያ በላዩ የፈሰሰው እሳት ያንን አፈር ጠብሶ ቀይ ሸክላ አድርጎታል። በገደሉ ጎን ላይ በጥቁሩ ድንጋይ መሐል እንደ ቀይ መስመር ተዘርግቶ የሚታየው ይኸው ነው። ባዛልቱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በዓምድ በዓምድ ይከፋፈላል። በዚህ ላይ አካባቢው ያለው የኢትዮጵያ ደጋ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በሚለይበት ጠርዝ ላይ ነው። የስምጥ ሸለቆው መከፈት የምድሩን ቅርፊት እየለጠጠ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄዱ ረጃጅም ስብራቶች ቆራርጦታል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠችበት ረባዳ በእንዲህ ያለ ስብራት የወረደ መሬት ነው። የሐይቅ ሐይቅም ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ይዞ የተኛው በዚያው ዓይነት የሰመጠ መሬት ውስጥ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የክረምት ጠብታ ከመውደቁ በፊት ድንጋዩ በቅዝቃዜ፣ በምድር መለጠጥና ፊቱ ሲገለጥ ከላዩ በተነሣለት ሸክም ምክንያት ተሰነጣጥቆ ይጠብቃል።

ድንጋይ ሲጫኑት ኃያል፣ ሲጎትቱት ደካማ ነው። ጤናማ ባዛልት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ቢጫንበት ይሸከማል፤ በሁለት አቅጣጫ ሲሳብ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያም ያነሰ ኃይል ይበጥሰዋል። ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ በስንጥቁ በኩል መሳብን የመቋቋም አቅሙ ከምንም አይቆጠርም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው፣ በአንድ ቁስ ላይ የሚያርፍ ኃይል በሁሉም ቦታ እኩል አይከፋፈልም፤ በስንጥቅ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ትንሿ ስንጥቅ ከጤናማው አካል ይልቅ ለኃይሉ ቀላል መንገድ ትሆናለች። በገደል አፋፍ ላይ ያለ ድንጋይ ከፊቱ ደጋፊ ስለሌለው የገዛ ክብደቱ ወደ ውጭ ይስበዋል። በዚህም የተነሣ ከጠርዙ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከገደሉ ግንባር ጋር ትይዩ የሆነ ረጅም ስንጥቅ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የጨረቃ ቅርጽ ይይዛል፣ በሣር ይሸፈናል፣ ከብት እግሩን እስኪሰብርበት ድረስም ልብ የሚለው ላይኖር ይችላል።

ክረምት ሲገባ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይሻላል። ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ ስንጥቅ እንውሰድ። በገደሉ አፋፍ ላይ ከሚሄደው ርዝመቱ አንዱን ሜትር ብቻ ብናሰላ፣ ይህን ስንጥቅ ከታች እስከ ላይ ለመሙላት የሚያስፈልገው ውሃ 20 ሊትር ነው፤ ሴቶች ከምንጭ ተሸክመው የሚመጡት አንድ ጀሪካን። የውሃ ግፊት የሚወሰነው በከፍታው እንጂ በስፋቱ ወይም በብዛቱ አይደለም። በመሆኑም ከስንጥቁ ሥር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ቶን ይገፋል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀነሰ አናቱ ላይ ዜሮ ይሆናል። ሲደመር በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ድንጋዩን ወደ ገደሉ የሚገፋው ኃይል 200 ቶን ገደማ ነው፤ አምስት ባለተሳቢ የጭነት መኪኖች ከነሙሉ ጭነታቸው ማለት ነው። ስንጥቁ አንድ ሜትር ስፋት ኖሮት በ20,000 ሊትር ቢሞላ እንኳ ግፊቱ ያው 200 ቶን ነው። ልዩነቱ ሰፊውን ለመሙላት ብዙ ቀን የሚዘንብ ዝናብ ሲያስፈልግ ጠባቡን አንድ ከሰዓት የሚጥል ዶፍ የሚሞላው መሆኑ ላይ ነው። በዓይን በጭንቅ የምትታይ ስንጥቅ ከሰፊው ይልቅ ልታሳስበን የሚገባው ለዚህ ነው።

ውሃው ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ከሥር ነው። አንድ የድንጋይ ክፍል በቁልቁለት ላይ ሳይንሸራተት የሚቆየው ከታቹ ካለው ድንጋይ ጋር በክብደቱ ተጣብቆ፣ በሰበቃ ተይዞ ነው። ክብደቱ ሲጨምር ሰበቃውም ይጨምራል። 20 ሜትር ውፍረት ያለው የባዛልት ክፍል ከሥሩ ባለው ገጽ ላይ በካሬ ሜትር ከ50 ቶን በላይ ይጫናል። ከሥሩ ያለው ክፍተት በውሃ ተሞልቶ እስከ አናት ግፊት ቢይዝ ውሃው 20 ቶኑን ወደ ላይ ያነሣል። የድንጋዩ ክብደት አልቀነሰም፣ ወደ ታች የሚስበው ኃይልም እንዳለ ነው፤ የሚይዘው ሰበቃ ግን ከሲሶ በላይ ጠፋ። ይህን ሕግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በግልጽ ያስቀመጠው ካርል ቴርዛጊ የተባለው መሐንዲስ ነው፤ ዛሬም በዓለም ላይ የሚሠራ ማንኛውም ግድብ፣ ዋሻና ተራራ ቆርጦ የሚያልፍ መንገድ የሚሰላው በዚሁ ላይ ቆሞ ነው። እንግዲህ ውሃው ከኋላ እየገፋ፣ ከሥር ደግሞ መያዣውን እየፈታ በሁለት በኩል ይሠራል ማለት ነው።

በአምባሰልና በሐይቅ ዙሪያ ይህን የሚያባብሰው ያ ቀይ ሸክላ ነው። በተሰነጠቀው ባዛልት በኩል በፍጥነት የወረደው ውሃ ሸክላው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሸክላ ውሃ አያሳልፍምና። ከዚያ በላዩ ላይ እየተጠራቀመ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መውጫ ባገኘበትም ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። በዚህ አገር ከአንድ ገደል ሥር በአንድ ከፍታ ላይ ተሰልፈው የሚገኙት ምንጮች የዚህ ውጤት ናቸው፤ መንደሮችም የተቆረቆሩት እነሱን ተከትለው ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ጥሩ ውሃና ጥልቅ አፈር ያለው የድሮ ናዳ ባረፈበት መሬት ላይ ነው። ሰው እዚያ የሰፈረው አደጋውን ንቆ አይደለም፤ ለኑሮ የሚመቸው መሬትና ለመንሸራተት የተዘጋጀው መሬት አንድ ሆነውበት ነው። በጣሊያን የቫዮንት ሸለቆ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 የደረሰውን ጥፋት ለማስታወስ የሚያስገድደው ይህ ውሃ አቁሞ የሚይዝ ሸክላ ነው። በዚያ 262 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ውሃ ሲይዝ ውሃው ወደ ተራራው እግር ሰርጎ ገባ። በጠንካራው የኖራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያላቸው የሸክላ ንጣፎች ነበሩ። 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን የተራራ ጎን በእነሱ ላይ ተንሸራትቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውሃው ውስጥ ገባ። ማዕበሉ በግድቡ ላይ ዘልሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ግድቡ እስከ ዛሬ ቆሟል። የተራራውን ዕጣ የወሰነው በኪሎ ሜትር የሚለካው ጠንካራ ድንጋይ ሳይሆን በመካከሉ የነበረው ስስ ሸክላና በዚያ ላይ የተጠራቀመው ግፊት ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው። እነዚህ ገደሎች ሺህ ክረምት አሳልፈዋል፤ ውሃ የሚጥላቸው ቢሆን ኖሮ ከዛሬ በፊት አይወድቁም ነበር ወይ? መልሱ የዘንድሮው ገደል የአምናው ገደል አለመሆኑ ነው። በስንጥቅ ጫፍ ላይ ኃይል በተከማቸበት ቦታ ውሃ በኬሚካል መንገድም ይሠራል፤ የድንጋዩን ማዕድናት አያይዞ የያዘውን ትስስር ያዳክማል። ስለዚህ ድንጋዩን በአንድ ጊዜ ለመስበር የማይበቃ ግፊት በየዓመቱ ስንጥቁን በጥቂቱ ያረዝመዋል። ትናንት 10 ሜትር የነበረው ስንጥቅ 20 ሜትር ሲሆን የሚገፋው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል፤ 50 ቶን የነበረው 200 ይሆናል። ስለዚህ ያለፉትን ክረምቶች መቋቋም ለመጪው ዋስትና አይሆንም፤ እያንዳንዱ ክረምት ከተራራው አቅም የሆነ ነገር ወስዶ አልፏል። የሰው እጅም አለበት። መንገድ ለማስፋት፣ ቤት ለመሥራት ወይም ድንጋይ ለማውጣት የቁልቁለቱ እግር ሲቆረጥ ደጋፊው ይነሣል። የተቆረጠው አፈር በድሮ ምንጭ ላይ ሲደፋ ደግሞ ውሃው ለዘመናት ሲወጣበት የነበረው በር ይዘጋል። በክረምት አጋማሽ በድንገት የቀነሰ ወይም የጠፋ ምንጭ ከደፈረሰ ምንጭ ባላነሰ ሊያስደነግጠን ይገባል፤ ውሃው የትም አልሄደም፣ ውስጥ ቀርቷል።

ሌላው ተቃውሞ ናዳ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፣ ታዲያ ዝናቡን መክሰስ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ግፊት በድንጋይ ውስጥ ለመጓዝ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ የተሻለውን ማስረጃ የሰጠችው ሳትፈልግ የዴንቨር ከተማ ናት። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የጦር ሠራዊቱ የኬሚካል ፍሳሽን ለማስወገድ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1962 ጀምሮ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ በግፊት መክተት ጀመረ። በሳምንታት ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ እምብዛም በማያውቀው አካባቢ መሬት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በየካቲት 1966 ሥራው ቢቆምም ከሁሉ የበረታው መንቀጥቀጥ የመጣው በ1967 ነው፤ ግፊቱ ከጉድጓዱ ርቆ ገና እየተጓዘ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ግዛት ሬንጅሊ በተባለ የነዳጅ ማውጫ ተመራማሪዎች የውሃውን ግፊት ሆን ብለው ከፍና ዝቅ በማድረግ መንቀጥቀጡ ሲጨምርና ሲቆም አዩ። በአገራችንም በሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና አቅራቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለው ትልቅ የመሬት መንሸራተት የደረሰው በ1998 ዓ.ም. መስከረም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ የበለጠ ያማል። ሌሊቱን ከጣለው ከባድ ዝናብ በኋላ የመጀመሪያው ናዳ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰበበት ሁለተኛው ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የመጀመሪያው ናዳ ከወረደ በኋላ ከበላዩ ያለው መሬት ደጋፊውን አጥቶ፣ ውሃውን ግን እንደያዘ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ወገኑን ለማዳን ከመሮጥ አይቦዝንም፤ ሁለት ሰው ግን ከአፋፉ ላይ ጠባቂ አድርጎ ያቆማል።

የመሬት መንቀጥቀጥስ? ወሎና ሰሜን ሸዋ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ስለሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የካራ ቆሬን አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሲመታው የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ ከገደሎችም ቋጥኝ ወርዷል። ይህ ግን የውሃውን ድርሻ አያሳንሰውም። መንቀጥቀጥ ለጥቂት ሰከንድ የሚገፋውን ኃይል ይጨምራል፤ ውሃ ለወራት የሚይዘውን ኃይል ይቀንሳል። አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ በደረቅ ጥር ከሚጥለው በላይ በነሐሴ የሚጥለው ለዚህ ነው። መንቀጥቀጡን ማስቀረት የሚችል ሰው የለም፤ ተራራው መንቀጥቀጡን በምን ሁኔታ እንዲቀበል ማድረግ ግን በተወሰነ መጠን በእጃችን ነው።

ከሁሉ በላይ ረጅም ውይይት የሚያስፈልገው የእርከንና የትሬንች ጉዳይ ነው። የደቡብ ወሎ ገበሬ በጥርና በየካቲት ወጥቶ ተራራውን በእርከን ሲያስር፣ ትሬንች ሲቆፍር ዓመታት አስቆጥሯል። ሥራው አፈር አስቀርቷል፣ ሣርና ዛፍ መልሷል፣ የደረቁ ምንጮችን አመንጭቷል። የዚህ ሥራ ዓላማ ደግሞ በግልጽ ውሃው ሳይሮጥ ወደ መሬት እንዲሰርግ ማድረግ ነው። ታዲያ ይህ ጽሑፍ እርከኑን አፍርሱ እያለ ነው ወይ? አይደለም። አብዛኛው ቁልቁለት የሰረገውን ውሃ ያለ ችግር ያስተናግዳል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ወርዶ ከታች ይወጣል። አደገኛ የሚሆነው በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ ቀድሞ ተንሸራቶ ባረፈ አፈርና ድንጋይ ላይ፣ በተለይም ከአፋፉ የተከፈተ ስንጥቅ ካለ። ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ በላይ ውሃ እንዲቋጥር ተደርጎ በደልዳላ የተቆፈረ ትሬንች ስንጥቁን ጀሪካን በጀሪካን ይመግበዋል። በዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ስንጥቁ ጋ ሳይደርስ ጠልፎ ወደ ተፈጥሮ ፈፋ የሚወስድ፣ በትንሹ ዘቅዘቅ ያለ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ። ሁለቱም ሥራ የሚሠራው በአንድ ዶማና በአንድ ጉልበት ነው፤ የሚለያቸው ቦዩ የተሠመረበት ዝንባሌና ከመቆፈሩ በፊት መሬቱን ያየ ዓይን ነው። በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚለካው የተሠራው ኪሎ ሜትር መሆኑ ያሳስበኛል። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ውሃ መያዝ ያለበትን ቁልቁለትና ውሃ መልቀቅ ያለበትን ቁልቁለት ሳይለዩ የተመዘገበ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሥራ ነው።

ዛፍ መትከልም እንዲሁ በልኩ መታየት አለበት። ሥር የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር አፈር ያስራል፣ ቅጠሉም ውሃ ከመሬት ያወጣል፤ መንሸራተቻው 20 ሜትር ታች ሲሆን ግን ዛፉ ከነሥሩ አብሮ ይሄዳል። ግንብን በተመለከተ የማየው ስህተት ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈስበት። በመንገድ ዳር በሲሚንቶ የተገነባ የድጋፍ ግንብ ፊቱ ላይ በረድፍ የተተዉ ቀዳዳዎች ጌጥ አይደሉም፤ ከኋላው የሚጠራቀመው ውሃ የሚወጣባቸው በሮች ናቸው። ከኋላቸው ጠጠር ካልተነጠፈ አንድ ሁለት ክረምት ያለፈው ቀዳዳ በደቃቅ አፈር ይደፈናል። በሐምሌ ዝናብ ማግስት ከግንቡ ፊት ቆሞ ቀዳዳዎቹን ማየት ስለ ግንቡ ብዙ ይነግራል፤ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ከሆነ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ሁሉም ደርቀው ከላይ ያለው መሬት የሚረግግ ከሆነ ግንቡ ግድብ ሆኗል። ግድብ እንዲሆን ደግሞ ማንም አላሰላውም። በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ጋቢዮን ለዓይን ባይማርክም በየድንጋዩ መካከል ውሃ ስለሚያሳልፍ በብዙ ቦታ የተሻለ ምርጫ ነው።

ውሃን ማውጣት በእርግጥ ተራራ ያቆማል ወይ ለሚል በስዊዘርላንድ የካምፖ ቫለማጃ መንደር ጥሩ መልስ አለ። መንደሩ የተቀመጠው 800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ በሚሆን ተንሸራታች መሬት ላይ ነው፤ መሬቱም ከ200 ዓመት ያላነሰ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ ከታች ወንዙ እግሩን መሸርሸሩ ነው ተብሎ ተከራክረውበታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተንሸራታቹ ሥር በጤናማው ድንጋይ ውስጥ የማፋሰሻ ዋሻ ተቆፈረና ወደ ላይ ቀዳዳዎች ተበሱ። የወጣው ውሃ ከተራራው ግዝፈት አንጻር ጥቂት ነበር፤ ግፊቱ ግን ወረደ፣ መሬቱም በተግባር ቆመ። ሒሳቡ ከጀሪካኑ ጋር አንድ ነው። በስንጥቅ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በግማሽ መቀነስ የሚገፋውን ኃይል ወደ ሩብ ያወርደዋል። የሚያስፈልገው ተራራውን ማድረቅ ሳይሆን ከፍታውን ማውረድ ነው።

ስዊዘርላንድ ገንዘብ አላት፣ አምባሰል የላትም የሚል ሰው ልክ ነው፤ በእያንዳንዱ ቁልቁለት ሥር ዋሻ ሊቆፈር አይችልም። ግን አለማድረግም ዋጋ አለው። ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሉልሰገድ አያሌው ባወጣው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ብቻ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የመሬት መንሸራተት ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አበላሽቷል፣ ከ200 በላይ ቤቶችን አፍርሷል። በሌላ በኩል ለመንደር ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች ርካሽ ናቸው። ከአፋፉ የተከፈተን ስንጥቅ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር መድፈንና በላዩ ውሃ እንዳይቆም ማድረግ፣ ከበላዩ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት፣ ከታች ረግረግ በሆነው ቦታ ላይ ጠለቅ ያለ ቦይ ቆፍሮ በድንጋይ ሞልቶ ውሃው እንዲወጣ ማድረግ፣ ምንጭ ሲጎለብት ከኋላው ያለውን መውጫ በሲሚንቶ አለማፈን፣ ይኸው ነው። በስንጥቁ ሁለት ወገን ችካል ተተክሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሳምንቱ በሜትር ቢለካና ቢጻፍ፣ በክረምት መሐል ልኩ በፍጥነት ማደግ ሲጀምር ቤተሰብን ለማንሣት በቂ ምልክት ይሰጣል። ይህን የቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና አንድ ንቁ ተማሪ ሊሠሩት ይችላሉ። የትኛው መንደር በድሮ ናዳ ላይ እንዳለ በካርታ መለየት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ከወረዳዎቹ ጋር ተቀምጠው ሊሠሩት የሚገባው ነው።

ከየት ይጀመር ለሚለው በበኩሌ ከግሸን መንገድ እላለሁ። መስከረም 21 ቀን ለዓመታዊው በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን በተራራ ጎን ተቆርጦ በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አምባዋ ይወጣል። ሰማዩ በዚያን ሰሞን ጠርቷል፣ አደይ ፈንድቷል፤ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ እንደ ጠጣ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ገደል ሥር የሚያልፈው ግፊቱ ገና ባልበረደበት ሳምንት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከመንገዱ በላይ ያለው አፋፍ በእግር የሚታይበት፣ ቦዮቹ የሚጠረጉበትና የግንብ ቀዳዳዎች የሚከፈቱበት ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሥራ ሞቅ የሚልበት ጥር ሊሆን አይችልም። አንዱ ጉብኝት ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠና፣ ሌላው ከመስከረም 10 በፊት መደረግ አለበት። በሁለተኛው ጉብኝት ከሰኔው ልኩ የሰፋ ስንጥቅ በተገኘበት ቦታ ከሥሩ ባለው መንገድ ላይ መኪና እንዳይቆም ይከለከላል፤ ምእመኑም ያንን ቦታ ሳይቆም በፍጥነት እንዲያልፍ በሰው ይመራል።